አስቴር ጋኖ፦ ለባርነት ተወስዳ ተስፋ ይዛ የተመለሰች እናት



እግዚአብሔር ታማኝ ከሆነ ለምን ይዘገያል? ይህን ጥያቄ በመካከላችን የሚያነሡት እምነት የጎደላቸው እናቶች አይደሉም። ልጃቸው ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ድምጿን ከሰሙ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸውን ቀብረው ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ፣ በልጅነታቸው ለሰው ቤት ሥራ መጥተው ወላጆቻቸውን ዳግመኛ ያላዩ ናቸው። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የችኮላ መልስ መስጠት ቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው። ስለዚህ በዚህ ዕትም መልስ ከመደርደር ይልቅ የአንዲት ሴት ሕይወት ልንተርክላችሁ ወደድን።

ዮሴፍን፣ ሩትን፣ ሐናን፣ የሰራፕታዋን መበለት ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ታሪካቸው ያጽናናናል፤ ሆኖም አገሩም ዘመኑም ሩቅ ስለሆነ አንዳንድ ጊዜ የሌላ ሰው ወሬ ሆኖ ይሰማናል። አስቴር ጋኖ ግን የአገራችን ልጅ ናት። የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪኮች በሕይወቷ ያለፈችባቸው፣ ከዚያም በገዛ እጇ ወደ እናቷ ቋንቋ የመለሰቻቸው ሴት ናት። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ከቤቷ የተወሰደች ልጅ

አስቴር የተወለደችው በ1872 ገደማ ነው። ሊሙ እናርያ ያን ጊዜ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ ነበር፤ ዛሬ ጅማ ዞን በምንለው አካባቢ ይገኛል። አስቴር ከጨዋ ቤተሰብ የተወለደች ነፃ ልጅ ነበረች፤ ነገር ግን የሊሙ እናርያ ንጉሥ ወስዶ ባሪያ አደረጋት።

በዚያ ዘመን የሰው ንግድ ትልቅ ገበያ ነበረው። ከደቡብና ከምዕራብ አገራችን የተወሰዱ ሰዎች፣ ይልቁንም ልጆች፣ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተላለፉ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይነዱ፣ ከዚያም በጀልባ ተጭነው ወደ ዓረብ ምድር ይሻገሩ ነበር። አስቴርም በዚሁ መንገድ ሄደች። በ1886፣ ወደ ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆናት፣ ባሕር ማዶ ልትሸጥ ጀልባ ላይ ተጫነች።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስበው ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ዛሬም ሴት ልጆቻችን ያንኑ ባሕር ይሻገራሉ። በእርግጥ ልዩነት አለው። የዛሬዎቹ በሰንሰለት የተነዱ አይደሉም፤ ቤተሰብ ሊረዱ፣ ወንድም ሊያስተምሩ፣ ቤት ሊሠሩ ብለው የሚሄዱ ናቸው። ነገር ግን በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ቋንቋ በማይገባበት ማጀት ውስጥ የምታድር ልጅ ምን እንደሚሰማት እናቶቿ እናውቃለን።

ያቺ ጀልባ ግን ካሰበችበት አልደረሰችም። የኢጣልያ መርከቦች ባሕሩ ላይ ያዟት፤ በላይዋ የነበሩትም ነፃ ወጡ። አስቴር ከነፃ ወጪዎቹ ጋር ወደ ምጽዋ አጠገብ ተወሰደች። በዚያ እምኩሉ በሚባል ቦታ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበረው፤ እሱም ተቀበላት።

ኢጣልያኖቹ ወደ ምጽዋ የመጡት ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1885 ነበር። የመጡትም የአስቴርን እንባ ሊያብሱ አይደለም፤ የራሳቸው የቅኝ ግዛት ሐሳብ ነበራቸው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አገራችንን የወረረውም ይኸው መንግሥት ነው። ታዲያ እግዚአብሔር እንዲህ ባለ እጅ ይሠራልን?

የመጽሐፍ ቅዱሷን አስቴር እናስታውስ። እሷም ወላጆቿ የሞቱባት፣ መርዶክዮስ ያሳደጋት፣ ሳትጠየቅ ከቤቷ ተወስዳ ወደ ንጉሥ ግቢ የገባች ልጅ ነበረች። አርጤክስስ ጻድቅ ንጉሥ አልነበረም፤ ሕዝቧ የዳነው ግን በዚያው ቤተ መንግሥት በኩል ነው። ሊቃውንት እንደሚያስተምሩን በዕብራይስጡ መጽሐፈ አስቴር ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጻፈም፤ እጁ ግን ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ይታያል። የአስቴር ጋኖም ሕይወት እንዲሁ ይነበባል። የመርከቡ አዛዥ የራሱን ሥራ ሠራ፤ እግዚአብሔርም የራሱን።

ቃል በቃል የተሰበሰበ ሀብት

በእምኩሉ ኦኔሲሞስ ነሲብ የሚባሉ ሰው ነበሩ። የትውልድ ስማቸው ሂካ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ ተርጓሚ ማለት ነው። እሳቸውም ኢሉባቦር ውስጥ በ1856 ገደማ ተወልደው፣ በሕፃንነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጡ ኖረው በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጡ ናቸው። ኦኔሲሞስ የሚለውን ስም የወሰዱት ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በላከው መልእክት ከሚናገርለት ባሪያ ነው። ስዊድን ሄደው ተምረው ሲመለሱ አንድ ሐሳብ ነበራቸው፤ ወደ ወገኖቻቸው ገብተው ወንጌልን በቋንቋቸው ማድረስ። ደጋግመው ቢሞክሩም መንገዱ ተዘጋባቸው። መንገድ ቢዘጋ መጽሐፍ ይገባል ብለው ይመስላል፣ እምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ መተርጎም ያዙ።

አንድ ትልቅ ችግር ግን ነበረባቸው። ከእናታቸው ጓዳ የወጡት ገና በሕፃንነታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ያደጉት በሌሎች ቋንቋዎች መካከል ስለሆነ የኦሮሞኛቸው ጓዳ ሙሉ አልነበረም። ለመጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ የገበያ ቋንቋ አይበቃም። ኀዘኑን፣ ተስፋውን፣ ምሕረቱን፣ ቃል ኪዳኑን የሚሸከም ቃል ያስፈልጋል።

የአስቴር ድርሻ እዚህ ላይ ይመጣል። ከአገሯ የወጣችው ነፍስ ካወቀች በኋላ ነውና ቋንቋው አፏን ሞልቶት ነበር። ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ ምሳሌውን፣ ዘፈኑን ይዛው መጥታለች። ኦኔሲሞስም ልጅቷ ብሩህ አእምሮና ለቋንቋዋ ልዩ ስሜት እንዳላት ብዙ ሳይቆዩ ተረዱና የአፋን ኦሮሞ ቃላትን እንድትሰበስብ ሥራ ሰጧት።

አስቴር የሰበሰበቻቸው ቃላት ወደ 15,000 ይደርሳሉ። እኛ በማኅበሩ ሂሳብ የምንይዝ ሰዎች ስለሆንን ቁጥር ስናይ ዝም ብለን አናልፍም። በቀን ዐሥር ቃል ብትጽፍ፣ አንድም ቀን ሳታርፍ፣ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅባት ነበር። መርከብ ያተረፋት ልጅ ፊደል ተምራ፣ ብዕር ይዛ፣ ያንን ሁሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈጸመችው። መዝገበ ቃላቱ በመጀመሪያ ያገለገለው የአዲስ ኪዳኑን ትርጉም ለማቃናት ነው፤ አዲስ ኪዳኑም በ1893 ታተመ። ያን ጊዜ አስቴር ገና ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ነበረች፤ ነፃ ከወጣች ሰባት ዓመቷ።

ከቃላቱም ሌላ 500 የሚሆኑ የኦሮሞ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ጻፈች። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በወጣው መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ልጆች ፊደል የሚቆጥሩበት መጽሐፍ አያታቸው እሳት ዳር ከሚነግሯቸው ተረት የተሠራ ነበር ማለት ነው።

ነጋዴዎቹ ቤቷን፣ ቤተሰቧን፣ የልጅነት ዓመቶቿን ወስደውባታል። በልቧ ያኖረችውን የእናቷን ቋንቋ ግን ሊወስዱባት አልቻሉም። ከሁሉ ነገር የተረፈላት ያ ሀብት ለሌሎች የሕይወት እንጀራ ሆነ። የሰራፕታዋ መበለት ቤት ውስጥ የቀረው እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ነበር። ኤልያስ የጠየቃት የሌላትን አይደለም፤ ያንኑ የቀራትን ነው። እሱም አላለቀም።

የታሪኮቹ መጽሐፍ

አስቴር ከተረጎመቻቸው ሥራዎች አንዱ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች መጽሐፍ ነው። ባርት የተባለ ጀርመናዊ ለልጆችና ለቤተሰብ ያዘጋጀው ሲሆን 52 ታሪክ ከብሉይ ኪዳን፣ 52 ታሪክ ከሐዲስ ኪዳን ይዟል። በሳምንት አንድ ቢነበብ ሁለት ዓመት ያዘልቃል።

የተሸጠች ልጅ የዮሴፍን ታሪክ ስትተረጉም እናስብ። ዮሴፍ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ለነጋዴዎች ተሽጦ ወደ ግብፅ ወረደ። በፈርዖን ፊት ሲቆም ሠላሳ ዓመቱ ነበር። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው ረሀቡ ሁለተኛ ዓመቱን እስኪይዝ ድረስ ከወንድሞቹ ጋር አልታረቀም። ስንደምረው ያዕቆብ የልጁን በሕይወት መኖር የሰማው ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ ሞቷል ብሎ አለቀሰ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እግዚአብሔር ከዮሴፍ ጋር ነበረ፤ ያዕቆብ ግን አያውቅም ነበር። ልጆቻቸውን የሚጠብቁ እናቶቻችን ከዮሴፍ ይልቅ ያዕቆብ ይቀርባቸዋል ብለን እናምናለን። መጽሐፍ ቅዱስ የያዕቆብን ልቅሶ አልደበቀም። መጽናናት እንቢ ማለቱንም ጽፎታል። ማልቀስ አለማመን አይደለም።

የአጋርንም ታሪክ እናስብ። የሰው ቤት አገልጋይ ነበረች፤ ልጇን ይዛ ወደ በረሃ ተሰደደች፤ ውኃው አልቆ ልጇ ሲሞት ላለማየት ራቅ ብላ ተቀመጠች። እግዚአብሔር የሕፃኑን ድምፅ ሰማ፤ የውኃ ጉድጓድም አሳያት። የንዕማን ሚስት አገልጋይ የነበረችው ልጅ ደግሞ በጦርነት ተማርካ ከእስራኤል የተወሰደች ናት። ስሟ እንኳ አልተጻፈም። ግን የማረካትን ሰው ወደ ፈውስ ያመለከተችው እሷ ናት። መጽሐፍ ቅዱስ ከቤታቸው የተወሰዱ ልጆችን ከገጹ ዳር አላስቀመጣቸውም፤ የእግዚአብሔር ሥራ በእነሱ በኩል ሲሄድ እናያለን።

ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በአፋን ኦሮሞ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅድስት ክሪሾና በተባለ ቦታ ታትሞ ወጣ። የተጻፈው በግዕዝ ፊደል፣ እኛ ይህን ጽሑፍ በጻፍንበት ፊደል ነው። ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የኦኔሲሞስ ስም ነው፤ የሚገባቸውም ናቸው። ነገር ግን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በየመስመሩ የአስቴር ቃላት አሉ። ሁለቱ ሆነው መቶ የሚሆኑ መዝሙሮችንም በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅተዋል።

ወደ አገር መመለስ

በ1904 አስቴር ጋኖ፣ ኦኔሲሞስ፣ ሊድያ ዲምቦና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ወደ ወለጋ ገቡ። ከመርከቡ ቀን እስከዚያ ድረስ ዐሥራ ስምንት ዓመት አልፏል። ዐሥራ አራት ዓመት ሆኗት በነጋዴ እጅ የወጣችው ልጅ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኗት፣ መጽሐፍ ተሸክማ ወደ ሕዝቧ ተመለሰች። እስካሁን አንቺ እያልን ያወጋናትን ልጅ ከዚህ በኋላ አንቱ ልንላቸው ይገባል፤ መምህርት ሆነዋልና።

ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በሚያስተዳድሩት በነቀምቴ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስቴርም በዚያ አስተማሩ። ሥራው ያለ ፈተና አልሄደም። ከሁለት ዓመት በኋላ በሃይማኖት ጉዳይ ክርክር ተነሥቶ ኦኔሲሞስ ተከሰሱ። ዐፄ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ቢፈቅዱላቸውም እንዳይሰብኩ ታዘዙ። እስከ 1916፣ ልጅ ኢያሱ እስኪፈቅዱላቸው ድረስ፣ ሥራቸው ማስተማር ብቻ ሆነ።

ከእኛ መካከል የኦርቶዶክስ ተዋሕዶም፣ የወንጌላውያንም፣ የካቶሊክም ልጆች አለን፤ ይህን የምናነሣው የድሮ ክርክር ለመቀስቀስ አይደለም። ለማለት የፈለግነው ይህን ነው፦ መድረክ ሲዘጋ የማስተማሪያው ክፍል ክፍት ነበር። ፊደል የቆጠረ ልጅ ታሪኮቹን በራሱ ያነባል፤ ማታም ለእናቱ ያነብላታል።

ኦኔሲሞስ በ1931 አረፉ። አስቴር ከእሳቸው በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሩ። በልጅነታቸው ከባርነት ጀልባ ያወጣቸው መንግሥት በ1936 አገራቸውን ሲይዝ አዩ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ተሸንፎ ሲወጣም አዩ። ለወገኖቻቸው የጻፉት ቃል ሥር ሰድዶ፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1959 ስትቋቋም በሕይወት ነበሩ። ያረፉት በ1960ዎቹ፣ ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነው።

ከሕይወታቸው ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ የእግዚአብሔርን ታማኝነት በአንድ ቀን አንመዝን። በሂሳብ ሥራ መሐል ላይ ደብተር የሚዘጋ ሰው ትክክለኛ ውጤት አያገኝም። የአስቴር ሕይወት በ1886 ጀልባው ላይ ቢዘጋ ኪሳራ ብቻ ነው የሚታየው። በ1899፣ በ1904፣ በ1959 ገጹን ስንገልጥ ግን ሌላ ነገር እናነባለን። ይህን ስንል በሌሎች ጀልባዎች ላይ የነበሩትንና ማንም ያላገኛቸውን ልጆች አንረሳም። ለእነሱ እኛ የምንሰጠው መልስ የለንም። የያዝነው እምነት አንድ ነው፤ የአጋርን ልጅ ድምፅ በበረሃ የሰማ አምላክ የእነሱንም ሰምቷል።

ሁለተኛ፣ የዳነ ሰው ሌላውን ያድናል። አስቴር ነፃ ከወጡ በኋላ እኔስ ተርፌያለሁ ብለው አልተቀመጡም። የተረፈላቸውን ቆጥረው፣ ጽፈው፣ ለሌላው አደረሱ። ማኅበራችንም የቆመው በዚሁ መንገድ ነው። ትላንት ብድር ወስዳ የእንጀራ ሥራ የጀመረች እህት ዛሬ ለሌላዋ ዋስ ትሆናለች። ከዓረብ አገር ተጎድታ የተመለሰች ልጅ ሌላዋ ከመሄዷ በፊት ማወቅ ያለባትን ትነግራታለች። ደጋፊዎቻችንም የምትልኩልን ገንዘብ የሚያርፈው እዚህ ላይ መሆኑን እወቁልን።

ሦስተኛ፣ ታሪኩ በእናት ቋንቋ ሲነገር ልብ ይገባል። የምንኖርበት ለገዳዲ ራሱ ስሙ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ለገ ወንዝ፣ ዳዲ ጠጅ ነው። በመካከላችን በአማርኛ የሚጸልዩ አሉ፤ በአፋን ኦሮሞ የሚጸልዩም አሉ። በቁጠባ ደብተራቸው ላይ በአውራ ጣት የሚፈርሙ እናቶችም አሉ። አስቴር ሲወለዱ የእናታቸው ቋንቋ ለመጽሐፍ የሚበቃ አይመስልም ነበር፤ እሳቸው ግን እንደሚበቃ በሥራ አሳዩ። ዛሬ ማንበብ ያልቻለች እናትም ገና ጊዜ አላት።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በየስብሰባችን መጨረሻ ዐሥር ደቂቃ ወስደን አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እናንብብ። አንባቢዋ በየተራ ትሁን፤ ማንበብ ለማይችሉት እናቶች ደግሞ ከታሪኩ ሦስት ቃል እየመረጥን ፊደሉን እናሳያቸው። በዓመት ስንት ቃል እንደሚሆን እኛ እንቆጥርላችኋለን። በዮሴፍ እንጀምር፤ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ እናቶቻችን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንዲሰሙት።

እግዚአብሔር በባሕር ማዶ ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የሚጠብቁትንም እናቶች ያጽናልን። አሜን።